ሰው አገር ላለ አይነገርም

የእህቴ ልጅ ነጃት መታመሟን ያወቅነው ዘግይተን ነው፤ ሕመሙ ሲጀምር ጨዋነት ይመስል ነበርና። የሌላ ሰው ልጅ ገበያ መሐል ተንከባሎ ሲያለቅስ፣ የእኛዋ ቁራሽ ቂጣዋን እንደያዘች ድንገት ዝም ትላለች። ዓይኗ ተከፍቷል፤ የሚያይበት ግን የለም። ከንፈሯን የሆነ ነገር እንደሚያጣጥም ሰው ታንቀሳቅሳለች። ጥቂት ቆይታ ትመለስና ቂጣዋን ትበላለች። እናቴ "አሳቢ ናት፤ አንተን ነው የወጣችው" ትለኝ ነበር። ዕድሜዬን ከመጽሐፍ ጋር ፈጅቼ ቁም ነገር አልሠራም የተባልኩ ሰው ነኝና ንጽጽሩን እንደ ምስጋና ተቀበልኩት።

ነጃት እኛ ቤት የመጣችው ወፌ ቆመች በምትባልበት ሰሞን ነው። እናቷ ዘምዘም፣ ታናሽ እህቴ፣ ወግዲ አግብታ ወግዲ ፈታ፣ ልጇን መካነ ሰላም ለእናቴ አስረክባ ሪያድ ለሰው ቤት ሥራ ሄደች። እዚህ ይህ እንደ ታሪክ አይቆጠርም። በሰፈራችን አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ጣሪያ ካያችሁ፣ ከሥሩ የጎደለች አንዲት ሴት አለች ማለት ነው።

በዘምዘም ብር የተመታው የእኛ ቆርቆሮ ለነጃት ጠላቷ ነበር። በረዶ ሲጥል ትንሽ ልጅ ሁሉ ይፈራል፤ እሷ ግን አልጋ ሥር ገብታ ጆሮዋን በሁለት እጇ ትደፍንና በረዶው ካባራ በኋላም አትወጣም። የሚኒባስ ረዳት "አቀስታ፣ አቀስታ" እያለ ሲጣራ ታለቅሳለች። የሱፍ ባና ስናለብሳት እሳት እንደነካት ከላይዋ ትወረውረዋለች። ሹራብ የምትለብሰው አንገቱ ላይ ያለችው የምልክት ጨርቅ ተቆርጣ ከወጣች ብቻ ነው። ሰው የሳማት እንደሆነ ጉንጯን እስኪቀላ ትፈገፍጋለች። የሚገርመው ግን እናቴ ጭንቅላቷን በመዳፏ ጠበቅ አድርጋ ስትይዝላት ታርፋለች። የሚያማት የላላው ንክኪ ነው።

በወሎ ልጅ የሚመረቀው በቃል ብቻ አይደለም። ሽማግሌው ዱዓ አድርጎ ሲያበቃ ቱፍ ይላል፤ ምራቁ ካልነካ ምርቃቱ ግማሽ ነው። አንድ ጁምዓ ጎረቤታችን አባባ ይማም ነጃትን እንዲህ መረቋት። ልጅቷ ጮኸች፤ የገዛ ፊቷን እስኪደማ ቧጠጠችው። አባባ ይማም ደግ ሰው ናቸው፤ መቀየማቸውን አላሳዩም። ወደ እናቴ ዞረው "ምርቃት የሚጠላው እሷ አይደለችም" አሉ ብቻ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሁለት ሕመም ነበር፤ አንደኛው የነጃት፣ ሁለተኛው ስለ ነጃት የሚወራው።

ሕክምና ጀመርን። መጀመሪያ ትላትል ነው ተባለ። ቀጥሎ ቶንሲል። ጆሮዋን ስለምትይዝ ጆሮዋን ነው ተባለና ጠብታ ታዘዘላት፤ ጆሮዋን ሳይነካ ጠብታውን የሚጨምርላት ሰው ግን አልታዘዘልንም። በመጨረሻ ታይፎይድ ሆነ። በከተማችን ታይፎይድ የሌለበት ሰው የክሊኒኩ ዘበኛ ብቻ ነው፤ እሱም ስላልተመረመረ። ዘምዘም ለቤቱ ማስጨረሻ የላከችው ብር ክሊኒክ ለክሊኒክ ተበተነ። ቤቱ ለምን እንዳላለቀ ስትጠይቅ እናቴ "ሲሚንቶ ጠፋ" አለቻት። ሲሚንቶም በእርግጥ ጠፍቶ ነበር። የእኛ ቤት ውሸት ሁልጊዜ ከእውነት ጥግ ይበቅላል።

ከዚያ ኢድ ቀን፣ ግቢው በሰው ተሞልቶ ሳለ ወደቀች። ሰውነቷ ተገታተረ፤ ከዚያ ተንቀጠቀጠች፤ አረፋ ደፈቀች። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሸሸ፤ አረፋው የነካው ሰው ሕመሙ ይተላለፍበታል ይባላልና። ከሸሹት መሐል ግን ቁጭ ማለት የማይሆንለት አልጠፋም። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። ሌላዋ ማንኪያ አምጥታ ጥርሷን ለመፈልቀቅ ታገለች። እናቴ አጠገቧ መሬት ላይ ተኝታ፣ እንደለመደችው ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ። ክብሪቱን ወደ ኪሳችሁ መልሱ። አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ። በጎኗ አስተኟት፤ አንገቷ ላይ ያለውን ልብስ አላሉላት፤ የሚያቃጥልና የሚወጋ ነገር ካጠገቧ አንሱ። ቶሎ ካልለቀቃት ወይም ለቆ ወዲያው ከደገማት ወደ ሐኪም ውሰዷት። አረፋው ምራቅ ነው፤ ማንንም አይዝም።

የከተማው ሐኪም አደመጠን። ጫጫታ የሚያስደነግጠው ልጅ በግርግር መሐል ራሱን ቢስት አይገርምም አለ። ሆኖም እርግጠኛ አልነበረም፤ ደሴ ለሕፃናት ሐኪም ጻፈልን። መንገዱ ክፍት የነበረበትን ሰሞን ጠብቀን ሄድን። በእኛ አካባቢ ሕመምተኛ የሚድነው ወይም የማይድነው በመንገዱ ጠባይ ነው።

ደሴ ካርድ አውጥተን ወረፋ የጠበቅንበት ክፍል ሰው በሰው ነበር። አንድ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ቪዲዮ ያያል፤ ድምፁ ክፍሉን ሞልቶታል። ነጃት ጆሮዋን ይዛ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትወዛወዛለች። አጠገባችን ከደጎሎ የመጡ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የልጁ ግንባር ጠባሳ በጠባሳ ነው።

"ምኗን ነው?" አሉ ሽማግሌው።

ይጥላታል ልል አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

"ጆሮዋን ነው።"

ሽማግሌው የእኔንም የእናቴንም ፊት አዩ። "የእኔም ጆሮውን ነው" አሉ።

ሁለቱ አዛውንቶች ተያዩ፤ አንዳቸውም አላመኑም፤ ሁለቱም ግን ተግባቡ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ ወጣቱ ዞረው፣ "አንተ ልጅ፣ ያን ነገር አጥፋው፤ እዚህ የጆሮ በሽተኛ አለ" አሉት። ወጣቱ አጠፋ። ነጃት እጇን አወረደች። በዚያ ዓመት ሰው ካደረገልን ደግነት አንዱ ይህ ነው፤ በውሸት የተሠራ መሆኑ ዋጋውን አልቀነሰውም።

የሕፃናት ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቶሎ የምትናገር አይደለችም። የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው መሣሪያ ምንም አላገኘም። ምንም የለባትም ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። መሣሪያው በታየችበት ሰዓት አላየሁም ነው ያለው አለችኝ፤ እሳት ያልተነሳ ዕለት የታየ ቤት አይቃጠልም እንደማይባለው። እሷን ያስጨነቃት ሌላ ነው። ፍዝዝ ማለቷ ከጫጫታ የምትሸሽበት መንገድ ይሆን? ወይስ የሚጥል በሽታ፣ ማለትም የአንጎል ሕዋሳት በየተራ መነጋገር ትተው በአንድ ጊዜ የሚጮኹበት ሕመም? ይህን የሚለየው የኋላ ታሪኳ ነው አለች።

"ሕፃን ሳለች ትኩሳት ይዟት ተንቀጥቅጣ ታውቃለች?"

"ኧረ የለም" አለች እናቴ፣ ያላየችውን የሕፃኗን የመጀመሪያ ዓመት እንዳየች ሁሉ።

"እናቷስ ምን ትላለች?"

"እናቷ ሰው አገር ናት።"

"ስልክ አላት አይደል፤ ጠይቋትና ንገሩኝ" አለች ሐኪሟ። ያለ ታሪክ መድኃኒት መጀመር አልፈለገችም። ቀላል ትእዛዝ መስሏታል። የወሎ ልጅ አይደለችም።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴና እኔ መንገዱን ሁሉ ዝም ብለን ተጣላን። እዚህ አገር ሰው አገር ላለ ክፉ ወሬ አይነገርም። አንድ የሰፈራችን ልጅ ከጅዳ በደወለ ቁጥር አባቱን ሲጠይቅ "መስጊድ ሄደዋል" ይባል ነበር። አባትየው ሞተው ዓመት አልፏል፤ እንዲያ መስጊድ ያዘወተረ ሟች አልተሰማም። ልጁ ለአባቱ ጫማ ገዝቶ ሲመጣ ከመኪና የወረደው ለመርዶው በተተከለ ድንኳን በር ላይ ነው። ይህን እያነሳሁ እናቴን ብዙ ጊዜ ሞግቻታለሁ። ልማድ ስለሆነ ብቻ ልማድን ማክበር አልችልበትም።

"እዚያ ሆና ብትሰማ ምን ታደርጋለች?" አለችኝ እናቴ። "ግድግዳ ትቧጥጥ? መምጣት ለማይችል ሰው እንዲህ ያለ ወሬ መንገር ቢላ ማቀበል ነው።"

"ሐኪሟ መልሱን ትፈልጋለች።"

"ሐኪሟ ዘምዘምን አልወለደቻትም።"

እንዲህ ስንባባል ሰነበትን፤ ነጃትም እየባሰባት ሄደች። ፍዝዝ የምትልበት ጊዜ ተቀራረበ። ስለ ሌሊቱ አልጽፍም፤ የታመመ ልጅ አጠገብ የተኛ ያውቀዋል፤ ትንፋሹን ላለማጣት ሲል የራሱን ይይዛል። አንድ ጠዋት እናቴ ውኃ ልትቀዳ ዞር ባለችበት ነጃት ከከሰል ማንደጃው አጠገብ ወደቀች። ደርሰን አነሳናት፤ የእጇ ጀርባ ግን ተቃጥሎ ነበር። ቆዳዋን ጨርቅ ሲነካው የምትጮህ ልጅ ቁስሏን በፋሻ መጠቅለል ምን እንደሆነ ለመናገር ቃል የለኝም። እናቴ ፋሻውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። ንገራት አላለችም። አትንገራት ማለትን ግን ተወች።

ጁምዓ ዘምዘም ትንሽ የምታርፍበት ቀን ነው። ኔትወርክ ወደሚገኝበት ከፍታ ወጥቼ ደወልኩ። "ጋሼ፣ ምነው ብቻህን?" አለች ገና ፊቴን ስታይ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ማንደጃውንም ጭምር። ከእሷ በኩል ውኃ ሲፈስ ይሰማል፤ ዕቃ እያጠበች ነበር። ውኃው ቆመ።

"ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ነው?" አለች።

"ምኑ?"

"ሲጀምራት የሚንቀጠቀጠው።"

ወግዲ ሳሉ፣ ነጃት ገና መቀመጥ ስትለምድ፣ ከባድ ትኩሳት ይዟት ነበር። ዙህር ሲጠራ ቀኝ ጎኗ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሰጋጆቹ ከመስጊድ ወጥተው ተበትነው እንኳ አልለቀቃትም። ዘምዘም ይህን ለማንም አልተናገረችም።

"ለምን አልነገርሽንም?"

"ብነግራችሁ ትይዙልኝ ነበር?" አለች። ድምጿ አልተለወጠም። "የታመመች ልጅ ለማን ጥዬ እሄድ ነበር፣ ጋሼ?"

እኛ እሷን እንዳናስጨንቅ ደበቅናት፤ እሷ እኛ እንዳንፈራ ደበቀችን። በሁለቱ ደግነት መሐል ልጅቷ የትል መድኃኒት ስትውጥ ከረመች። ቤት ገብቼ ለእናቴ የተባለውን ነገርኳት። "እይዝላት ነበር" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ "ለሰው ግን አልናገርም ነበር።"

ሐኪሟ ይህን ስትሰማ አልተጠራጠረችም። በአንድ ጎን የጀመረና ቶሎ ያልለቀቀ የሕፃንነት መንቀጥቀጥ አንጎል ላይ ጠባሳ ሊተው እንደሚችል፣ ፍዝዝ ማለቷም ከንፈሯን ማንቀሳቀሷም ከዚያው የሚነሳ እንደሚመስላት አስረዳችን። መድኃኒት ተጀመረ፤ በትንሹ፣ ቀስ በቀስ እየጨመረ። መጀመሪያ ላይ ልጅቷ እንደ ሰከረ ሰው ትንገዳገድ ነበር፤ ትነጫነጭ ነበር፤ እናቴ ልታቋርጠው ሁለት ጊዜ ተነስታ ሁለት ጊዜ ተጣልተናል። በድንገት ማቋረጥ ከሕመሙ የባሰ ያመጣል ተብለናል። ታገስን። ፍዝዝታው እየተራራቀ ሄደ።

ጆሮዋንና ቆዳዋን በተመለከተ ሐኪሟ ያለችው ከሁሉ አስገረመኝ። እሱ ሌላ ነገር ነው አለች፤ በመድኃኒት የሚወጣ ሕመም አይደለም፤ ልጅቷ የተሠራችው እንዲህ ነው፤ ቤቱን ለእሷ አስተካክሉላት። አስተካከልን። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ መታን። እንግዳ ከሩቅ ሰላም ይላታል። አባባ ይማም በር ላይ ቆመው በቃል ብቻ ይመርቋትና "የቀረውን አላህ ይሙላው" ይላሉ።

ጽሑፌ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ አንባቢም ተጽናንቶ ይተኛ ነበር።

ዘምዘም ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መደወል ጀመረች። ደህና ናት ብንላት አታምንም፤ "አሳዩኝ" ትላለች። አንድ ቀን እያወራን ሳለ ነጃት ወደቀች፤ ስልኩን ማጥፋት አልቻልኩም፤ እጄ ልጅቷ ላይ ነበር። ዘምዘም እስከ መጨረሻው አየች። አልጮኸችም። ልጅቷ ስትነቃ "አመሰግናለሁ" አለችና ዘጋች። በሳምንቱ አሠሪዋን እመቤት ልሂድ ብላ ጠየቀች። ውሉ አላለቀም ተባለች፤ ፓስፖርቷም በእነሱ እጅ ነው። ቀጥሎ ስትደውል በሹክሹክታ ነበር። "እመጣለሁ፤ ለእማ እንዳትነግራት" አለችኝ። ከተቆለፈበት ቤት የወጣች ሴት ምን እንደሚጠብቃት እየዘረዘርኩ ለመንኳት። እሺ አላለችም፤ እምቢም አላለችም። ለእናቴ ነገርኳት፤ መደበቅ ይብቃን ብዬ አልነበር?

ከዚያ ስልኳ ዝም አለ። መጀመሪያ የእኛ ኔትወርክ ነው አልን፤ ተቋርጦ ነበር። የእኛ ተመለሰ፤ የእሷ አልተመለሰም። በመጨረሻ እዚያው ሰፈር የምትሠራ አንዲት የለጋምቦ ልጅ የድምፅ መልእክት ላከችልን፤ ዘምዘም አንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዛ ወጥታለች፤ በባሕር በኩል የሚያደርስ ሰው አግኝቻለሁ ብላ ነበር። ከዚያ በኋላ የሰማ የለም። ለሚመለከተው ሁሉ አመልክተናል፤ ከስደት ተመላሽ መጣ ባሉን ጊዜ ሁሉ ፎቶዋን ይዘን ሄደናል።

እናቴ አልወቀሰችኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የነጃትን ሽሮፕ እየለካች፣ ቀና ሳትል፣ "ነግረሃታል፤ አሁን አምጣት" አለችኝ።

ታዲያ አልነግርም ትላለህ ወይ ብትሉኝ፣ አሁንም ንገሩ እላለሁ። ባልነግራት ነጃት ዛሬ በሕይወት መኖሯን አላውቅም። ነገር ግን ሰው አገር ላለችው ሴት ስትነግሩ ብቻዋን አትንገሯት። አጠገቧ ያለች ጓደኛ ፈልጉ፤ አስቀድማችሁ ለዚያች ንገሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገና ስትሄድ ጠይቋት፤ ልጅሽ ታሞ ያውቃል ወይ በሏት፤ መልሷን ከመስማታችሁ በፊት ግን ብትታመምም እንይዝልሻለን በሏት። ልማዱን ሳፈርስ የምስቅበት ሞኝነት ብቻ መስሎኝ ነበር። ሥር ነበረው፤ ሥሩም የእናቴ ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቷም ትክክል ነበር። እኔም ትክክል ነበርኩ። ይህ አያጽናናም።

ባለፈው ወር ደሴ ለክትትል ሄድን። ነጃት ከክረምቱ ወዲህ አልወደቀችም። ሐኪሟ መረመረቻት፤ ጥቂት ጥያቄ ጠየቀቻት፤ ነጃት በሦስት ቃል መለሰች፤ ለእሷ ይህ ንግግር ነው። ሐኪሟ ደስ አላት። መድኃኒቱን እየጻፈች፣ ለልጅቷ እዚህ መድረስ እናቷ የነገረችን ነገር ትልቅ ድርሻ አለው አለች።

"መሻሏን ሰማች? እንዴት ናት እሷስ?"

ነጃት እናቴ ጭን ላይ ተቀምጣለች። የሐኪሟን አፍ ታያለች።

"ደህና ናት" አለች እናቴ። "አልሐምዱሊላህ፣ በየቀኑ ትደውላለች።"

እናቴን በማረም ግማሽ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች፤ ነጃትም ወደ እኔ ዞረች። "ደህና ናት" አልኩ።